ሞት ቀነሰ፣ መፈናቀል በዛ፦ የወንዝ ሙላት በትንንሽ ከተሞቻችን ከ1990 እስከ 2016 ዓ.ም.

በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ አሥር ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ሁለት ወንዞች ከ600 በላይ ሰው ገደሉብን። አንደኛው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው የድሬዳዋው ደቻቱ ነው። ሁለተኛው በጋ ከክረምት የሚፈሰው ኦሞ ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር፣ በሶማሌ ክልልና በደቡቡ የአገራችን ክፍል የደረሰው ሙላት ከ600,000 በላይ ሰው ከቤቱ አፈናቀለ። የሞቱት ግን ወደ 60 የሚጠጉ ነበሩ። ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን አስቀምጦ ላየ ሰው የነገሩ አካሄድ ግልጽ ነው። ሰውን ከውሃ ማውጣት ለምደናል። ውሃ የማይደርስበት ቦታ ማስፈሩ ግን እንደ ድሮው ነው።

ትልልቅ ከተሞችን ጎርፍ ሲመታቸው ካሜራም ጋዜጠኛም አያጡም። ቀላፎ፣ ሙስታሂል፣ ኦሞራቴ፣ ወረታ፣ አሳይታ፣ ኢታንግ ግን ስማቸው የሚነሳው ውሃው ጣሪያ ሲደርስ ነው፤ ውሃው ሲጎድል ይረሳሉ። ይህ ዳሰሳ በተለይ ስለእነርሱ ነው። ድሬዳዋ ከእነዚህ ጋር የምትቆጠር ትንሽ ከተማ ባትሆንም ያለ እሷ ታሪኩ አይሟላም።

በአገራችን ወንዝ ሲሞላ ዝናቡ ደጋ ይዘንባል፣ ውሃው ቆላ ያጥለቀልቃል። ባሌና አርሲ ላይ ቀናት የወረደ ዝናብ፣ ደመና ባልዞረበት የጎዴ ሜዳ ላይ ሰው ያስለቅሳል። ጅማና ከፋ ላይ የዘነበው ቱርካና ሐይቅ አፍ ላይ ከብት ይወስዳል። ስለዚህ ስለ አንድ የሙላት አደጋ ስንነጋገር «ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ?» ከማለታችን በፊት «ውሃው ደጋውን ለቆ ከተማዋ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ነበረን?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። መልሱ ከወንዝ ወንዝ እጅግ ይለያያል። ለደቻቱ የምትገኘው ጥቂት ሰዓት ናት፣ አንዳንዴ እሷም የለችም። ለዋቢ ሸበሌና ለኦሞ ግን ቀናት አሉ። ያለፉትን ዓመታት በዚህ ሚዛን ስመዝናቸው ብዙዎቹ ሞቶች ሊቀሩ ይችሉ የነበሩ ሆነው አገኛቸዋለሁ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ዋቢ ሸበሌ፦ በየጥቂት ዓመቱ የሚመለስ እንግዳ

ዋቢ ሸበሌ ከባሌና ከአርሲ ተራሮች ተነስቶ በአገራችን ውስጥ ብቻ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ጎዴን፣ ቀላፎን፣ ሙስታሂልንና ፌርፌርን አልፎ ሶማሊያ ውስጥ በለድወይን ይደርሳል። በመጨረሻም አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ሳይነካ አሸዋና ረግረግ ውስጥ ይጠፋል። ጎዴ አካባቢ ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው ዝናብ 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ደረቅ ምድር ወንዙ ሁሉ ነገር ነው፤ በቆሎና ማሽላ የሚበቅለው፣ ከብት የሚጠጣው፣ ሰፈር የሚመሠረተው ከእርሱ ዳር ነው። «ለምን ከወንዙ አይርቁም?» ብሎ ከሩቅ መጠየቅ ቀላል ነው። የቀላፎ ገበሬ ከወንዙ ከራቀ የሚጠብቀው ጥም ነው።

ወንዙ ዳርቻውን በደለል እየገነባ በመጣባቸው ቦታዎች ውሃው የሚሄደው ከማዶው ማሳ እኩል ወይም ከፍ ብሎ ነው። ገበሬው በደረቁ ጊዜ መስኖ ለመጥለፍ የዳርቻውን አፈር ቆርጦ ቦይ ይከፍታል። ሙላት ሲመጣ ውሃው መጀመሪያ የሚያገኘው ያንኑ ያልተደፈነ ቦይ ነው። በአንድ ሌሊት ጠባቡ ቦይ የወንዙ ሁለተኛ አፍ ይሆናል። ከድንበር ማዶ፣ በታችኛው ሸበሌ፣ ይህ ነገር ለዓመታት ሲነገር የኖረ የአደጋ ምክንያት ነው።

በ1990 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር፣ በኤልኒኞው ዓመት፣ ዴር የሚባለው የጥቅምት–ታኅሣሥ ዝናብ ከልክ አለፈ። በሶማሊያ ጁባና ሸበሌ ገንፍለው ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ተገምቷል። በእኛም በኩል የሶማሌ ክልል የወንዝ ዳር መንደሮች ተዋጡ። ከዚያ በሚያዝያ 15 ቀን 1997 ዓ.ም. ሌሊት፣ ጉ በሚባለው የበልግ ዝናብ ወቅት፣ ዋቢ ሸበሌ ቀላፎንና ሙስታሂልን አጥለቀለቀ። ከ100 በላይ ሰው ሞተ፤ ሰዎች ዛፍ ላይ ወጥተው ቀኑን ሙሉ ጠበቁ፤ አዞ የሚርመሰመስበት ውሃ ነፍስ የማዳኑን ሥራ አከበደው። ያ ውሃ ከደጋው ተነስቶ ቀላፎ የደረሰው በአንድ ሰዓት አይደለም። መንገድ ላይ ቀናት ቆይቷል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ «ውሃ መጣ» የሚል አንድ መልእክት ታች ደርሶ ቢሆን ኖሮ ሰው ከነልጆቹና ከነፍየሎቹ ከፍ ወዳለ ቦታ ለመውጣት የሚበቃ ጊዜ ነበረው።

ስለ ዴር ዝናብ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ መናገር እወዳለሁ። 1990፣ 1999፣ 2012፣ 2016። በእነዚህ አራት ዓመታት ሁሉ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ሸበሌ ገንፍሏል። በአራቱም የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው ሞቆ ነበር፤ በአብዛኞቹ ላይ ደግሞ ኤልኒኞ ተደርቧል። የውቅያኖስ ሙቀት በአንድ ጀምበር አይለወጥም። የአየር ትንበያ ባለሙያዎች ነገሩን ከወራት በፊት ያዩታል፣ ይናገሩታልም። የ2016ቱ ሙላት ገና ክረምቱ ሳይወጣ ሲነገርለት የነበረ ነው። ወሬው ቀድሞ ደርሶ ሳለ የቀላፎ የዳርቻ ቦዮች ያለመደፈናቸው ጥፋት በዝናቡ የሚሳበብ አይደለም።

ደቻቱ፦ በበጋ መንገድ፣ በክረምት ወንዝ

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም.፣ ከጅቡቲ የመጣው የምድር ባቡር የሐረርን ተራራ መውጣት ትቶ ሜዳው ላይ ጣቢያውን ሲተክል ነው። በአንድ በኩል ከዚራ በመስመር ተቀየሰ፣ በማዶው መጋላ አደገ፣ በመካከላቸው ደቻቱ ተንጣለለ። ከተማዋ ከጅምሩ ወንዙን መሀል አገር አድርጋ ተወለደች።

ደቻቱን በበጋ ያየ ሰው ወንዝ አይለውም። ሕዝቡ በእግሩ ይሻገረዋል፣ ባጃጅ ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል፣ የጭነት መኪና ገብቶ አሸዋ ይጭንበታል፣ ነጋዴ ሸራ ወጥሮ አትክልትና ልባሽ ጨርቅ ይዘረጋበታል። ዳርቻው ላይ የተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ የድሆች ናቸው፤ ኪራይ የሚረክሰው እዚያ ነውና። ከተማዋ የምትገኘው ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ከበላይዋ ያሉት የደንገጎና የሐረርጌ ተራሮች ከ2,000 ሜትር ይበልጣሉ። በመካከሉ ያለው ርቀት አጭር ነው፣ ቁልቁለቱ ስል ነው፣ ተራራው ላይ ያለው ዛፍ ሳስቷል። ላይ የወረደ ዝናብ አፈር ውስጥ ለመስረግ ጊዜ አያገኝም፤ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.፣ ሰው እንቅልፍ ላይ ሳለ ደራሹ መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ከ200 በላይ የገቡበት ጠፋ፤ ወደ 10,000 የሚጠጋ ነዋሪ ቤቱን አጣ። አልጋቸው ላይ እንዳሉ የተወሰዱ ቤተሰቦች አሉ። ደቻቱ ከዚያ በፊትም ሰው ገድሎ ያውቃል፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች የየዘመኑን ጎርፍ ለይተው ይቆጥሩታል። የዚያ ሌሊቱን ያህል ግን አገር ያስለቀሰ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የተሠራውን ማሳነስ አይገባም። በወንዙ ግራና ቀኝ የመከላከያ ግንብ ቆመ፣ በሽቦ የታሰረ ድንጋይ ተደረደረ፣ ተፈናቃዮች ቤት ተሠርቶላቸው ወደ ሌላ ሰፈር ገቡ፣ በላይኛው ተፋሰስ እርከንና ችግኝ ተሞከረ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ብርቱ ጎርፍ ድሬዳዋን እንደገና ሲመታት የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከ1998ቱ ጋር ሲተያይ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፣ የብዙ ሰዎች ድካም ውጤትም ነው።

ሆኖም ግንብ አንድ መዘዝ አለው። ግንቡ ሲቆም ሰው ይደፍራል፤ ይደፍርና ይጠጋል። ትናንት «ጎርፍ የወሰደው ቦታ» የተባለው መሬት ዛሬ ዋጋ ያወጣል። አሸዋው በተቆፈረ ቁጥር የወንዙ ወለል ይዛባል፣ የግንቡ እግር ይጋለጣል። ልጆቹ ያደጉት ግንቡን እያዩ ስለሆነ የ1998ቱን ሌሊት በወሬ ብቻ ነው የሚያውቁት። ደረቅ ወንዝ ከሚፈሰው ወንዝ ይልቅ የሚያሰጋኝ ለዚህ ነው። የሚፈሰውን ወንዝ ሰው ይፈራዋል፤ ደረቁን ግን ይለምደዋል፣ ይረሳዋል፣ በመጨረሻም ይሠራበታል።

ኦሞራቴ፦ መጀመሪያ በዛ፣ ቀጥሎ ቀረ፣ ከዚያ አልሄድ አለ

በዚህ ዳሰሳ ውስጥ ከማንም ይልቅ መከራ የተፈራረቀበት ሕዝብ ዳሰነች ነው። የዳሰነች ሰው ሙላትን አይጠላም፤ ይናፍቀዋል። ኦሞ ከኦሞራቴ በታች ወደ ቱርካና ሐይቅ ሲቃረብ በብዙ ክንድ ተከፋፍሎ ሰፊ ሜዳ ያለብሳል። ክረምት አልፎ ውሃው ሲሸሽ ጥቁር ደለል ትቶ ይሄዳል። ዳሰነቾች እዚያ እርጥብ አፈር ላይ ማሽላና በቆሎ ይዘራሉ፤ ዝናብ ሳይጠብቁ ያጭዳሉ። ሳሩ ደግሞ ለከብቱ ነው። ሙላቱ ዓመታዊ ቀለባቸው ነበር ማለት ይቻላል።

በ1998 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራቡ ደጋ ለብዙ ቀናት ሳያቋርጥ ዘነበበት። ነሐሴ 7 ላይ ኦሞ ከለመደው መስመር ወጥቶ በክንዶቹ መካከል ባሉት ደሴቶች ላይ ከብት ይዘው የሰፈሩትን ከበባቸው። 364 ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠር ከብት አለቀ። ሄሊኮፕተርና ጀልባ የደረሰው ከሁሉ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበረው የሞባይል ደንበኛ ቁጥር አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር፤ ወደ ዳሰነች ደሴቶች የሚደርስ ስልክ ፈጽሞ አልነበረም። ውሃው ግን በላይኛው ኦሞ ድልድዮች ሥር ያለፈው ከቀናት በፊት ነው።

ከዚያ ግልገል ጊቤ ሦስት መጣ። 243 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2009 ተመረቀ፤ የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ለአገር ኤሌክትሪክ አስገኝቷል፣ ያንን መካድ አይቻልም። የ1998ቱን ዓይነት ድንገተኛ ሙላት እንደሚያስቀርም ተነግሮለት ነበር። ለዳሰነች ግን ድንገተኛው ብቻ አልቀረም፣ የሚናፈቀውም አብሮ ቀረ። ለታችኛው ኦሞ በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ሙላት ይለቀቃል የተባለው ተስፋ በቃሉ መሠረት አልቀጠለም። ደለል ያልጎበኘው ሜዳ ተሰነጠቀ። ማሽላ የለመደ ቤተሰብ የእርዳታ ስንዴ መጠበቅ ጀመረ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ የግድብ ታሪክ ብቻ በሆነ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሌላ ተደረበ። የቱርካና ሐይቅ መውጫ የለውም፤ ከሚገባለት ውሃ ውስጥ 90 ከመቶ የሚሆነውን የሚያመጣለት ኦሞ ነው። በ2012 የዘነበው ከባድ ዝናብ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን፣ ኬንያ ውስጥ ያሉትን እነ ባሪንጎንና ናይቫሻን ጨምሮ፣ ከፍ አደረጋቸው። ቱርካናም ወደ ሰሜን እየገፋ የዳሰነችን ሜዳ ወረሰ። ወትሮ ውሃ በነሐሴ መጥቶ በመስከረም ይሸሽ የነበረው ሜዳ አሁን ዓመቱን ሙሉ ውሃ ለብሶ የሚከርም ሆነ። የወረዳው አብዛኞቹ ቀበሌዎች በውሃ ተያዙ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ከፍታው ወጣ። ኦሞራቴ ከተማን ከመዋጥ ለማዳን የአፈር መከላከያ መሥራት ግድ ሆነ።

ይህ ከ1998ቱ የከፋ ነው ስል የሞተውን ሰው አሳንሼ አይደለም። በ1998 ውሃው መጥቶ ሄደ፤ የተረፈው ሰው አልቅሶ፣ ቀብሮ፣ ደለሉ ላይ ዘራ። አሁን ግን የሚመለስበት መሬት ውሃ ውስጥ ነው። የእርዳታ አሠራራችን የተቀረጸው ደግሞ ለሦስት ወር ነው። ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ዱቄት፣ ከዚያ «ወደ ቀያቸው ተመለሱ» የሚል ዜና። ቀዬው ለማይመለስለት ሰው ምን እንደምናደርግ ገና አልወሰንንም።

ወረታ፣ አዋሽ፣ ባሮ

ወረታ ያለችበት የፎገራ ነገር ከዳሰነች ይለያል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነስተው ወረታን በከበበው ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። ሜዳው ድሮ የፎገራ ከብት መስክ ነበር። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ተሞከረና «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ሥር ሰደደ። ውሃ የተኛበት መሬት ለጤፍ መርገም ነው፣ ለሩዝ በረከት። ገበሬው ከሙላቱ ጋር ታረቀ ማለት ይቻላል፤ በዚህ ዳሰሳ ካየኋቸው ሁሉ የማደንቀው የኑሮ ዘዴ ይህ ነው።

ግን ለሩዝም ልክ አለው። በ1998 ክረምት መውጫና በ1999 መግቢያ ላይ ወንዞቹ ከዳር እስከ ዳር ሞልተው፣ ጣና ራሱ ከፍ ብሎ ውሃውን አልቀበል ሲል፣ ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደምቢያ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ችግር ላይ ወደቀ። ጣና ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ሥር ነው፤ ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ለጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውሃ ይሰጣል። ስለዚህ የሐይቁ ከፍታ የሰማይ ብቻ ሳይሆን የሰውም ውሳኔ አለበት። ከሁሉ የከፋው ግን ደለሉ ነው። ከጉና የተሸረሸረው አፈር የታችኛውን ርብ ወለል እያነሳው መጥቷል። ገበሬው ዳር ዳሩን በአፈር ይከምራል፣ ወንዙ ወለሉን ያነሳል፣ ገበሬው ጨምሮ ይከምራል። ላይ እርከን ካልተሠራ ታች የሚከመረው አፈር ማብቂያ የለውም። በ2012 ክረምትም ሜዳው እንደገና ተጥለቀለቀ።

ያ የ2012 ክረምት አዋሽንም አስቆጣው። ቆቃ ግድብ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የአዋሽን ጉልበት ሲያበርድ የኖረ ነው፤ ነገር ግን ሆዱን ደለል ሞልቶበታል። ደጋው ላይ ሲዘንብ የሚይዝበት ቦታ ስለሚያንሰው በሮቹን ይከፍታል። በነሐሴና በመስከረም አሚባራ፣ ዱብቲና አሳይታ ሸንኮራቸውና ጥጣቸው ውሃ ውስጥ ገባ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የአፋር ሕዝብ ተፈናቀለ። እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያው ከ1998ቱ በተሻለ ደርሷል። የሞተው ሰው ጥቂት መሆኑም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። የባሮ ወንዝም በ2014 ክረምት ማለቂያ ላይ ጋምቤላ ከተማንና ኢታንግን አጥለቅልቆ አንድ ክልል በሙሉ አስጨንቋል።

ምን ተሻሻለ?

አንደኛው መሻሻል በእጃችን ያለው ስልክ ነው። አንድ ሚሊዮን የማይሞላው የደንበኞች ቁጥር በ2015 ዓ.ም. ከ70 ሚሊዮን አልፏል። ዛሬ ጎዴ ያለ ሰው ወንዙ ሲሞላ ቀላፎ ላለው ወንድሙ ይደውላል፤ የመንግሥት መልእክት ከመድረሱ በፊት የዘመድ መልእክት ይደርሳል። የሜትሮሎጂ ትንበያም ከጠቅላላ ወሬ ወጥቶ ተፋሰስን በስም እየጠራ የሚናገር ሆኗል። ግድብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ውሃ ሲለቁ ታች ላለው ሕዝብ ማሳወቅ እንዳለባቸው ቢያንስ አይከራከሩም። ወረዳዎች በየክረምቱ መግቢያ «ለጎርፍ ተጋላጭ ቀበሌዎች» ብለው ዝርዝር ያወጣሉ።

የ2016ቱ የዴር ሙላት የዚህ ሁሉ ፈተና ነበር። የሶማሌ ክልል ሕዝብ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅት ከሽፎበት፣ ከብቱ አልቆበት፣ መሬቱ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። የደረቀ መሬት ዝናብ ቶሎ አይመጥም። ሸበሌና ገናሌ ወንዞች አብረው ሞሉ። ቀላፎ፣ ሙስታሂል፣ ዶሎ አዶ ውሃ ገባባቸው፤ በድንበሩ ማዶ በለድወይን በወራት ልዩነት ለሁለተኛ ጊዜ ከተማዋ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ተዋጠች። ሰው ቀድሞ ወጥቷል፤ ለዚህ ነው የሟቾቹ ቁጥር 600 ያልደረሰው። የወጣው ግን ባዶ እጁን ነው። ከድርቁ የተረፉት ጥቂት ፍየሎች በውሃ ተወሰዱ። ለዘር የተቀመጠ እህል ሻገተ። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በአገሪቱ የነበረው ኮሌራ መጸዳጃ ቤቶቹ በፈረሱባቸው መጠለያዎች ምቹ ቦታ አገኘ።

የሞት ቁጥር መቀነስ ሁሉንም ቦታ አያካትትም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ፣ ተራራው ተንዶ ከ230 በላይ ሰው ቀበረ። ብዙዎቹ የሞቱት መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች ናቸው። ያ የወንዝ ሙላት አይደለም፣ የመሬት ናዳ ነው፤ ግን ያው የቀናት ዝናብ ነው ያመጣው። ረጅም ወንዝ ዳር ያለው ሰው ጊዜ ስለሚያገኝ እየተረፈ ነው። ቁልቁለት ላይ ያለውና ደረቅ ወንዝ ዳር ያለው ግን ጊዜ የለውም። ለእርሱ ማስጠንቀቂያ ብቻውን አይበቃም፤ የሚተርፈው ቤቱ ሌላ ቦታ ከተሠራ ብቻ ነው።

ስለዚህ ፍርዴን ልናገር። ለእርዳታ የምናወጣውን ገንዘብ በየዓመቱ ለዚያው ሰው፣ በዚያው ቦታ፣ ለዚያው ድንኳን እናወጣዋለን። የቀላፎን ዳርቻ ቦዮች በር ባለው መስኖ መተካት፣ የደቻቱን ወለል ከግንባታና ከሥርዓት አልባ የአሸዋ ቁፋሮ ነጻ ማድረግ፣ ለዳሰነች የማይመለስ መሬት ምትክ መስጠት፣ የጉናንና የደንገጎን አፈር እዚያው ተራራው ላይ መያዝ ርካሽ ሥራ አይደለም። ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። የማዘጋጃ ቤት ሹም በወንዝ ወለል ላይ የቤት ካርታ ሲፈርም የሚፈርመው የሰው ነፍስ ላይ መሆኑን ሕጉ በግልጽ ሊነግረው፣ ሲጥስም ሊጠይቀው ይገባል። የምርጫ ሰሞን የሚታደል መሬት ከወንዝ ዳር የሚመረጥበትን ልማድ የምናቆመው እኛው ነን።

ይህን የምታነቡ፣ በወንዝ ዳር ከተማ ቤተሰብ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ደጋ ያላችሁ፣ ዝናቡ ሁለት ቀንና ሌሊት ሳያባራ ከዘነበ ቆላ ላሉት ዘመዶቻችሁ ዛሬውኑ ደውሉ። ቆላ ያላችሁ፣ በእነዚያ ሌሊቶች ስልካችሁን አታጥፉ፤ ሕፃናትንና አቅመ ደካሞችን ከምሽቱ በፊት ከፍ ወዳለ ቤት አሳድሩ፤ የዘር እህላችሁንና ሰነዳችሁን ከመሬት አንሱ። የቀበሌያችሁን አስተዳደርም ሙላት ሲመጣ የት እንደምትወጡ ከክረምቱ በፊት፣ አሁን፣ ጠይቁ።